ሻንጣው ይቆይ፣ መጀመሪያ ፎርሙ ይሞላ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከስዊድን፣ ቬርምላንድ ከሚባል ክፍለ ሀገር ነው። ጥድና ሐይቅ የሞላበት አገር ነው። ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ቤት ምሳ አበስላለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለ የወጣቶች ካምፕ ወጥ ቤት እገባለሁ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ሳምንት አብረው ይከርማሉ። ከኢትዮጵያም የሚመጡ አሉ። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ በአማርኛ "እንደምን አደራችሁ" ስትላቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ብታዩት!

ሰሞኑን ለበጋ ካምፕ ወደ ሰሜን አውሮፓ ስለሚዘጋጁ ልጆች የጻፋችሁትን አነበብኩ። ስለ ሻንጣ፣ ስለ ጃኬት፣ ለፈረንጅ ጓደኛ ስለሚሰጥ ስጦታ ብዙ ይላል። ክፋት የለውም። ግን እኔ እዚህ ሆኜ የማየው ችግር ከሻንጣ የሚመጣ አይደለም። ጃኬት ያልያዘ ልጅ ጃኬት ይዋሳል። ችግሩ የሚመጣው ከፎርሙ ነው።

ካምፑ ከመጀመሩ ብዙ ሳምንት ቀደም ብሎ ለወላጅ የሚላክ ፎርም አለ። ልጁ ዋና ይችላል? የማይበላው ምግብ አለ? አለርጂስ? የሚወስደው መድኃኒት? ሌሊት የሚያስቸግረው ነገር? ፎቶው ቢወጣ ትፈቅዳላችሁ? የዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። እኛ ፎርም የለመድነው መዝገብ ቤት ነው። ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ አቧራ ይጠጣል። እዚህ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል። የኔ ድርሻ የምግቡ ገጽ ነው። የዋናው ገጽ ለዋና ኃላፊው ይሄዳል። የጤናው ገጽ ለነርሷ። የሁላችንም የሥራ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ለእኛ የለም ማለት ነው።

የኛ ሰው ደግሞ ሲሞላ ይሉኝታ ይይዘዋል። ልጄ እንከን አለበት እንዳይባል፣ አስቸጋሪ ናቸው እንዳይባል፣ ሁሉም ላይ "ምንም ችግር የለም" ብሎ ይፈርማል።

አንድ የ13 ዓመት ልጅ ላውራችሁ። ፎርሙ ላይ "ዋና ይችላል፦ አዎ" ይላል። አባቱ ነው የሞላው። እዚህ አገር ዋና ይችላል የሚባለው ሰው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ጠልቆ፣ ከዚያ ወጥቶ 200 ሜትር መዋኘት የሚችል ነው። ከዚያ ውስጥ 50 ሜትሩ በጀርባ ነው። የስዊድን ልጆች ይህን ስድስተኛ ክፍል ሲጨርሱ እንዲችሉ ይጠበቃል። ሐይቅና ባሕር ደጃፋቸው ስለሆነ አይቀልዱበትም። ካምፓችን በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ይፈትናል፤ "አዎ" ያለውንም፣ "አይ" ያለውንም።

እኔ ለሻይ ሰዓት ቂጣ ይዤ ወደ ሐይቁ እየወረድኩ ነበር። ልጆቹ የእንጨቱ መሻገሪያ ላይ ተሰልፈዋል። የኛው ልጅ ሸሚዙን አወለቀ። እጥፍ እጥፍ አድርጎ ጫማው ላይ አስቀመጠው። ዞር ሲል አየኝ። ጠጋ አለና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "እትዬ፣ እግር ይደርሳል?" አለኝ።

አይደርስም። እዚያ ጋ አራት ሜትር ነው።

ለዋና ኃላፊው ነገርኩት። ሰውዬው ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት አምጥቶ አለበሰው፤ ከጀማሪዎቹ ጋር ወደ ጥልቀት አልባው ዳር ላከው። ጀማሪዎቹ ውስጥ ከሌላ አገር የመጡም ነበሩ፤ እሱ ብቻ አልነበረም። ይህንን ሲያይ ትከሻው ወረደ። በኋላ ድንች እየላጥን "አባቴ እንዳያፍር ብዬ ነው" አለኝ። አባትየውም ልጁ እንዳያፍር ብሎ ነው የጻፈው። ሁለቱ ሲከባበሩ ልጁ ሊሰምጥ ነበር።

ዋና አለመቻል ነውር አይደለም። "አይችልም" ተብሎ የተጻፈለት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን አስተማሪ ይመደብለታል፤ ያውም በነጻ። ጊዜ ካላችሁ ግን ከመምጣቱ በፊት መዋኛ ገንዳ ውሰዱት። መዋኘት ባይችል እንኳን ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ትንፋሹን መያዝ ይልመድ። የሐይቁ ውኃ ሐምሌ ላይ 20 ዲግሪ ከደረሰ እዚህ እንደ ሙቅ ይቆጠራል። ለኛ ልጅ በረዶ ነው። በመጀመሪያው ዝላይ ትንፋሽ ቀጥ ይላል። ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይደነግጥም።

ወደ ምግብ ልምጣ፤ ያለሁበት ነውና።

የስዊድን ካምፕ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ለኦርቶዶክስ ልጆች የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ የሚውልበት ነው። ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ይሄዳል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ፎርሙ ላይ ግን "ሁሉን ይበላል" ተብሎ ይመጣል። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ቁርስ ላይ እርጎውንና አይቡን ትታ ክኔከብሮድ የሚሉትን ደረቅ ዳቦ ብቻ ትቆረጥማለች። ምሳ ላይ የስጋ ድብልብሉን ገፋ አድርጋ ድንቹን ትበላለች። አስተባባሪዋ የአመጋገብ ችግር ያለባት መስሏት ልትጨነቅ ነው። እዚህ አገር አንዲት ጉርምስና ላይ ያለች ልጅ ምግብ ከገፋች ቶሎ ነው ነርስ የሚጠራው። እኔ ቀኑን ሳሰላ ሐምሌ 2 ነው።

"ጾመኛ ነሽ እንዴ?"

"አዎ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እንዳላስቸግር።"

የሚገርመው፣ ምንም ችግር የለውም። ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል። ቬጋን፣ ሐላል፣ ከወተት ስኳር ነጻ፣ ከስንዴ ነጻ እያልን ለየብቻ እናበስላለን። ፎርሙ ላይ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ቬጋን" ብላችሁ ጻፉ። በቃ። ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ምግብ ይመጣል። ዓሣ ቬጋን ውስጥ የለም፤ ዓሣ የምትፈቅዱ ካላችሁ ለብቻው ጻፉት። ሙስሊም ልጆችም እንደዚሁ። ሐላል ስጋ ቀድሞ ካልታዘዘ ገጠር ውስጥ በአንድ ቀን አይገኝም። ልጅቷ የቀሩትን ቀናት ምስርና ሽንብራ ስትበላ ከረመች። የስዊድኖቹ ልጆችም ሳህናቸውን ይዘው የሷ ድስት ጋ ይሰለፉ ጀመር። በርበሬዬን ጨረሱብኝ።

ስለ በርበሬ ካነሳሁ አይቀር፣ ስንቅ የምታሳሽጉ እናቶች ስሙኝ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ስጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቋንጣም ቅቤም ማለት ነው። አርላንዳ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ላይ ተወርሶ ይጣላል። አያቱ ያነጠረችውን ቅቤ ዓይኑ እያየ ሲጥሉበት ያለቀሰ ልጅ አውቃለሁ። ቆሎና በሶ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቪዛው። ይህ ነገር በቁጭት ነው የምጽፈው።

ከአንድ ቡድን ሁለት ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። አልጋቸው ተነጥፎ፣ የስማቸው ካርድ ተሠርቶ ነበር። ቡድኑን ያዘጋጀው አካል ማመልከቻውን ያስገባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። መልስ ሲመጣ ካምፑ አልቋል። የሸንገን ቪዛ (ስዊድንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ለአብዛኛው ዓለም መልስ ለመስጠት መደበኛው ጊዜ 15 ቀን ነው። ለኛ ግን አይደለም። በኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን ጊዜ 45 ቀን አድርጎታል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አቁሟል። የጎደሉ ሰነዶችን በይሁንታ ማለፍም ቀርቷል። ምክንያቱ በመንግሥታት መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ከስደተኞች መመለስ ጋር የተያያዘ። የ14 ዓመት ልጅ ምን አገባው ብትሉ ልክ ናችሁ። ግን ሕጉ እሱም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ለሐምሌ ካምፕ ፋይሉ ጥር ላይ ይከፈት፤ ቢዘገይ ቢዘገይ መጋቢት ላይ ይግባ።

ፓስፖርቱ ከሸንገን አገር ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። 12 ዓመት የሞላው ልጅ አሻራ ይሰጣል፤ ስለዚህ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። 25 ዓመትና ከዚያ በታች ሆኖ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትን ወክሎ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወዳዘጋጀው የባህል፣ የስፖርት ወይም የትምህርት ዝግጅት የሚሄድ ሰው ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው። ብዙዎቹ የወጣት ካምፖች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከካምፑ የሚመጣው የግብዣ ደብዳቤ ይህንን በግልጽ እንዲጽፍ ጠይቁ። ለአሥር ልጅ ሲሆን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የስማችን ነገር ጣጣ ያመጣል። ፈረንጅ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ብሎ ነው የሚጠብቀው። የኛ ልጅ የአባቱን ስም፣ እናትየዋ የራሷን አባት ስም ይዛ ስትገኝ "ይቺ ማን ናት?" ይላል። የተተረጎመ የልደት ሰርተፍኬት ካለ ጥያቄው እዚያው ያልቃል።

የቀን አቆጣጠሩንም አደራ። አንድ አባት ፎርሙ ላይ የልጁን የትውልድ ዘመን በኛ አቆጣጠር 2003 ብሎ ጻፈ። ካምፑ በፈረንጅ አነበበው። ልጁ ከ20 ዓመት በላይ ሆነ ማለት ነው። ስሙ ከልጆቹ ዝርዝር ወጥቶ ከአዋቂ መሪዎች ጋር ገባ። ይህ ብቻ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ አዋቂ ከፖሊስ መዝገብ ወንጀል እንደሌለበት ማስረጃ ያሳያል። እናም ካምፑ ለዚህ ሚስኪን ሕጻን "እባክዎ የወንጀል መዝገብዎን ያስገቡ" ብሎ ኢሜይል ላከለት። እኛ በሳቅ ሞትን። ቤተሰቡ ግን ለጥቂት ቀናት ልጃቸው በምን እንደተከሰሰ ሲጨነቁ ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ ገልብጣችሁ ጻፉ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ቁርስ 8 ሰዓት ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ልጁ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ይጠቀም።

አሁን ትንሽ ስለ ሻንጣ። ስለሱ በፍጹም አላወራም አላልኩም።

የስዊድን በጋ "በጋ" ስለተባለ ቲሸርት ብቻ አትሙሉበት። ቀኑ 25 ዲግሪ ሆኖ ሌሊቱ 10 ቢወርድ ብርቅ አይደለም። ዝናቡ ደግሞ ሳይነግር ነው የሚመጣው። ጥጥ ልብስ ከረጠበ ድንኳን ውስጥ አይደርቅም። አንድ ከበግ ጸጉር የተሠራ ካልሲና ሹራብ ከአምስት የጥጥ ልብስ ይበልጣል። የዝናብ ልብስና የላስቲክ ቦት ጫማ ግዴታ ነው። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ግን ከአዲስ አበባ በውድ ገዝታችሁ አትላኩ። ፍሪቲድስባንከን የሚባል ነገር አለ። ሰው የማይፈልገውን የስፖርትና የካምፕ ዕቃ ይሰበስባል፤ ለማንም ለ14 ቀን በነጻ ያውሳል። ቬርምላንድ ውስጥ ተጀምሮ ነው አገሩን ያዳረሰው፤ እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች እንኮራበታለን። ቡድን መሪው ካምፑን ቀድሞ ቢጠይቅ ይዘጋጅለታል። ሙሉ ልብስና ከረባት ቤት ይቅር። አንድ ልጅ ለመክፈቻው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቶ የካምፑ ዳይሬክተር በቁምጣና በባዶ እግሩ ሲቀበለው የሆነውን አይቻለሁ።

የዓይን መሸፈኛ ግን አትርሱ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 4 ሰዓት አልፎ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ትወጣለች። በመካከሉም ድቅድቅ ጨለማ የለም። የኛ ልጅ ሲጨልም መተኛት ለምዷል። ይጠብቃል፣ አይጨልምም። ሦስተኛው ቀን ላይ ቁርስ ሳህን ላይ ይተኛል። ሰላት ለሚሰግዱ ልጆችም መግሪብና ኢሻ በጣም ይመሻሉ፤ ከቤተሰብና ከሚያምኑት ሰው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

መዥገርም አለ። የኛ መዥገር ከብት ላይ ነው የምናውቀው። እዚህ ሰው ላይ ይወጣል፤ በሽታም ያስተላልፋል። ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጆሮ ጀርባ፣ ጸጉር ውስጥ መፈተሽ ነው። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ቅቤ ወይም አልኮል መቀባት አይረዳም። በተለይ በስቶክሆልም ዙሪያና በሜላረን ሐይቅ አካባቢ መዥገር የሚያመጣው የአንጎል ሕመም ስላለ ክትባት ይሰጣል። ክትባቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚወሰድ ወራት ይፈልጋል። ካምፑ የት እንደሆነ አይታችሁ ጠይቁ።

ወደ ፎርሙ ልመለስ፤ የማልዘለው ነገር አለ። "ሌሊት የሚያስቸግረው ነገር አለ?" የሚለው ጥያቄ። የ12 ዓመት ልጅ ሽንት ያመልጠው ይሆናል። ከምታስቡት በላይ ብዙ ልጆች ናቸው። ፎርሙ ላይ ከተጻፈ አንዲት መሪ ብቻ ታውቃለች። ሌሊት ትቀሰቅሰዋለች፣ ጠዋት አንሶላው ማንም ሳያይ ይለወጣል። ካልተጻፈ ልጁ እርጥብ ስሊፒንግ ባጉን ቦርሳ ውስጥ አጭቆ ሳምንት ሙሉ ይደብቃል። ከዚያ ሽታው ይናገራል። የትኛው ነው የሚያሳፍረው? አስምም ካለ ይጻፍ። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይምጣ። ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን ነርሷ አትሰጥም፤ መብትም የላትም።

ለቡድን መሪዎች ደግሞ አንድ ነገር። ስዊድን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ልጅን መምታት በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ የዓለም አገር ናት። ወላጅም ቢሆን አይችልም። አንድ ከውጭ የመጣ መሪ ያረፈደ ልጅ ጆሮ ሲቆነጥጥ ታየ። ለሱ ቀልድ ነበር። ልጁም ሳቀ። ማታውኑ ስብሰባ ተጠራ። ሰውዬው ከልጆች ጋር ብቻውን እንዳይሆን ተደረገ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የነገረው ሰው አልነበረም። መሪ የምትልኩ ሁሉ ይህንን ከትኬቱ ጋር ንገሩት። እዚህ መሪ የሚጠራው በስሙ ነው። ከልጆቹ ጋር ድንች ይልጣል፣ ሽንት ቤት ያጥባል። "እስኪ ይህን ብናደርግስ?" ካለ ትእዛዝ ነው። የኛ ልጆች አማራጭ የተሰጣቸው መስሏቸው "አይ፣ ይቅርብን" ይላሉ።

ዕቃ ማጠብ በፈረቃ ነው። ወንድ ሴት የለም። ቤቱ ሳህን ነክቶ የማያውቅ ልጅ መጀመሪያ ቀን በሁለት ጣቱ ድስት ሲያሻሽ ታገኙታላችሁ። እናቶች፣ እባካችሁ ሚያዝያ ላይ አስጀምሩት። ድስት ማጠብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የራስን ካልሲ ማጠብ።

ስልክ በብዙ ካምፖች ይሰበሰባል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ይሰጥ ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አይሰጥ ይሆናል። ፎርሙ ላይ ተጽፏል። ሳያነቡ ፈርመው ልጃችን ጠፋ ብለው ሌሊት የሚደውሉ ወላጆች አሉ። ማታ ማታ ድምፁን እየሰሙ አብረው ማልቀስም ልጁን አይጠቅመውም። ሦስተኛውን ቀን ካለፈ ናፍቆቱ ይበርዳል። ከዚያ ደግሞ እናንተ ስትደውሉ እሱ ኳስ ላይ ነው።

የባህል ምሽት የሚባለውን ሁሉም ይወደዋል። እስክስታ እናንተ ካልላካችሁትም ልጆቹ ያመጡታል። የቡና ሥነ ሥርዓት ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የእንጨት ቤት ውስጥ ከሰልና ዕጣን ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። አንዴ ጮኾ 90 ልጅ በፒጃማ ሜዳ ላይ ተሰልፏል። ውጭ እናድርገው ሲባል ደግሞ ደረቅ ሳምንት ስለነበር የእሳት ክልከላ ታውጆ ነበር። ደን በቀላሉ ሊቃጠል በሚችልበት ወቅት ይህ ሕግ ነው፤ በክብሪት አይቀለድም። በመጨረሻ ጀበናዋ የኔ ወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ተጣደች። ቡናው ያው ቡና ነው። ልጆቹ ዕጣኑን ሳያጨሱ በሳህን አዞሩት፣ እንግዶቹ አሸተቱት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለትችት አይደለም። አንድ ልመና አለኝ። እነዚህ ካምፖች የሚልኩት ፎርም በእንግሊዝኛ ነው። አብዛኛው ወላጅ ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁ ደግሞ ሁሉንም "አዎ፣ ችግር የለም" እያለ ይሞላዋል። የተለመዱትን ጥያቄዎች፣ የዋናውን፣ የምግቡን፣ የሌሊቱን፣ የመድኃኒቱን፣ የፎቶውን ፈቃድ ጭምር፣ በአማርኛ አዘጋጅቼ ልልክላችሁ እችላለሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጥር ሳይገባ ብታወጡት ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ይሞሉታል። ኢሜይሌን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያገኙታል፤ ጋዜጣው ላይ ግን አታውጡት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያለው ሥራ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የካምፕ ወጥ ቤት ሠራተኛ
ከቬርምላንድ፣ ስዊድን